በዙር የሚሠራ ሒሳብ፦ አንድ መስመር ሲዘለል የማን ኪስ ይጎድላል?

የድንች ጅምላ ነጋዴ በገበያ ቀን ማታ ምን ይሠራል? መዝገቡን ይገልጣል። ከመጀመሪያው መስመር ይነሣል፤ የኩንታሉን ብዛት ያያል፤ በዋጋው ያባዛል፤ ውጤቱን በድምሩ ላይ ይጨምራል፤ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። መስመሩ ሲያልቅ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ብሩን ይቆጥራል።

ይህንኑ ሥራ ኮምፒዩተር ሲሠራው የሙያው ሰዎች «ሉፕ» ይሉታል። በአማርኛ «ዙር» ብንለው ያስኬዳል። አንድን ትእዛዝ አንድ ጊዜ ጽፎ ለመቶም ለሺህም መስመር በየተራ እንዲፈጸም ማድረግ ማለት ነው። የቡሄ ጨፋሪዎችን ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ አውጪው ግጥሙን እየለዋወጠ ያወርዳል፣ ተቀባዩ ያንኑ ይመልሳል፣ ምርቃት ሲመጣ ጭፈራው ያበቃል። የሚለዋወጥ ነገር አለ፤ የሚደጋገም ነገር አለ፤ ማብቂያም አለ።

ጉዳዩ የኮምፒዩተር ባለሙያ እንጂ የነጋዴ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአሁኑ ወቅት ደብረ ታቦርን በመሰለ ከተማም ነጋዴው ለወጣት ባለሙያ ገንዘብ ከፍሎ የዋጋ ዝርዝር የሚያሳይ ድረ ገጽ፣ የገበሬ ክፍያ የሚደምር ፕሮግራም፣ የደላላ ኮሚሽን የሚያሰላ ገጽ ማሠራት ይችላል። እነዚህ ሁሉ ሥራቸው ዙር ነው። ዙሩ ትክክል ከሆነ የአንድ ሌሊት ሒሳብ በዓይን ቅጽበት ያልቃል። ዙሩ ከተሳሳተ ግን ስህተቱም በዚያው ፍጥነት በየቀኑ ይደገማል። የማሽን ድምር ስለሆነ ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም።

ዙሩ የሚጻፍበት ቋንቋ

ድረ ገጽ ለመሥራት ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች ሁለቱ በሰፊው የታወቁ ናቸው። አንደኛው ፒኤችፒ ሲሆን ራስመስ ሌርዶርፍ የተባለ፣ በግሪንላንድ የተወለደ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ያወጣው ነው። ሁለተኛው ጃቫስክሪፕት ነው፤ ይህንንም ብሬንዳን አይክ በዚያው ዓመት ለኔትስኬፕ ኩባንያ በ10 ቀን ውስጥ ነድፎታል። ፒኤችፒ የሚሠራው ገጹ በተቀመጠበት ኮምፒዩተር (ሰርቨር) ላይ ነው፤ ጃቫስክሪፕት ግን በዋነኛነት በደንበኛው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል።

ሁለቱም ሲወጡ አገራችን ከኢንተርኔት ጋር ገና አልተዋወቀችም ነበር። ኢትዮጵያ ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ዛሬ በርካታ ድርጅቶች ድረ ገጻቸውን የሚያሠሩበት ዎርድፕሬስ የተጻፈው በፒኤችፒ ሲሆን፣ ፌስቡክም እ.ኤ.አ. በ2004 ሲነሣ በዚሁ ቋንቋ ነበር። ስለሆነም ነጋዴው የሚያሠራው ገጽ በፒኤችፒ የመጻፉ ዕድል ሰፊ ነው።

ዙር ምን ምን አለው?

ማንኛውም ዙር አራት ነገሮች ይፈልጋል። መነሻ አለው፤ ከየትኛው መስመር ይጀመር? ማቆሚያ አለው፤ እስከ መቼ ይቀጥል? እርምጃ አለው፤ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እንዴት ይሂድ? ሥራም አለው፤ በየመስመሩ ምን ይደረግ? ድምር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አምስተኛ ነገር ይጨመራል፤ ይኸውም ድምሩ የሚጠራቀምበት ሣጥን ነው።

በአጻጻፍ ረገድ የተለመዱት ዓይነቶች ሦስት ናቸው። «ፎር» የሚባለው ቁጥሩ አስቀድሞ ለታወቀ ሥራ ነው፤ «ከ1 እስከ 50 ያለውን ደረሰኝ አትም» እንደማለት። «ዋይል» የሚባለው አንድ ሁኔታ እስካለ ድረስ የሚሄድ ነው፤ «መጋዘን ውስጥ ድንች እስካለ ድረስ ጫን» እንደማለት። «ፎር ኢች» የሚባለው ደግሞ ዝርዝር ተሰጥቶት ያለውን ሁሉ በየተራ የሚያነሣ ነው፤ «በዚህ መዝገብ ላለ ለእያንዳንዱ ገበሬ ሒሳቡን ሥራ» እንደማለት።

ለንግድ መዝገብ በአብዛኛው የሚሻለው ሦስተኛው ነው። ምክንያቱም መነሻውንና ማቆሚያውን ሰው አይቆጥርለትም፤ ዝርዝሩ ራሱ ይወስነዋል። ቀጥሎ የምናያቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስህተቶች ሰው በእጁ በሚቆጥርበት ዙር ላይ የሚደርሱ ናቸው።

በምሳሌ እንየው

አንድ የደብረ ታቦር ነጋዴ በአንድ ቀን ከአራት የፋርጣ ገበሬዎች ድንች ተረከበ እንበል። የመጀመሪያው 7 ኩንታል፣ ሁለተኛው 12፣ ሦስተኛው 5፣ አራተኛው 9 ኩንታል አመጡ። ዋጋው በኩንታል 2,000 ብር ይሁን፤ ይህ ለሒሳቡ እንዲመች የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ትክክለኛው ድምር 33 ኩንታል ሲሆን ክፍያው 66,000 ብር ነው። አሁን ዙሩን የጻፈው ሰው በትንሹ ቢሳሳት ምን እንደሚደርስ እንመልከት።

አንደኛ፣ መነሻው ላይ ሲሳሳት። በፒኤችፒም ሆነ በጃቫስክሪፕት ዝርዝር የሚቆጠረው ከ1 ሳይሆን ከ0 ነው። የመጀመሪያው ገበሬ ቁጥሩ 0 ነው፤ አራተኛው 3 ነው። ባለሙያው እንደ ሰው ልማድ ከ1 ቢጀምር የመጀመሪያው ገበሬ 7 ኩንታል ይዘለላል። ድምሩ 26 ኩንታል፣ ክፍያው 52,000 ብር ይሆናል። የ14,000 ብር ድንች ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ማቆሚያው ላይ ሲሳሳት። «ከ3 በታች እስከሆነ ድረስ ቀጥል» ሲባልና «3ን ጨምሮ ቀጥል» ሲባል በጽሑፉ ላይ ልዩነቱ የአንዲት ምልክት ነው። በመጀመሪያው አነጋገር ዙሩ 0፣ 1፣ 2 ብሎ ያቆማል። የመጨረሻው ገበሬ 9 ኩንታል ይቀራል፤ ክፍያው 48,000 ብር ይሆናል። በኩንታል 20 ብር የተዋዋለ ደላላም 660 ብር ሊያገኝ ሲገባው 480 ብር ይደርሰዋል።

ሦስተኛ፣ የድምሩ ሣጥን ያለቦታው ሲቀመጥ። ሣጥኑ ባዶ ሆኖ የሚቀርበው ዙሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባለሙያው «ድምሩን ዜሮ አድርግ» የሚለውን ትእዛዝ በስህተት ዙሩ ውስጥ ካስገባው፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ያለፈው እየተደፋ በመጨረሻ የሚገኘው የመጨረሻው ገበሬ 9 ኩንታል ብቻ ነው። 66,000 ብር የነበረው 18,000 ብር ይሆናል። ይህ ስህተት ትልቅ ስለሆነ ቶሎ ይታያል።

አራተኛው ግን ስውር ነው፤ የፒኤችፒም ልዩ ወጥመድ ነው። በፎር ኢች ዙር ላይ ባለሙያው የቁጥሩን ቅጂ ሳይሆን ዋናውን መስመር በጣቱ ይዞ እንዲያስተካክል ማዘዝ ይችላል። ዙሩ ሲያልቅ ግን ያ ጣት በመጨረሻው መስመር ላይ እንደተጫነ ይቀራል። ጣቱ ሳይነሣ በዚያው ስም ሁለተኛ ዙር ቢከፈት፣ የሚነበበው እያንዳንዱ ቁጥር በመጨረሻው መስመር ላይ እየተገለበጠ ይሄዳል። በፍጻሜው 7፣ 12፣ 5፣ 9 የነበረው ዝርዝር 7፣ 12፣ 5፣ 5 ሆኖ ይገኛል። አራተኛው ገበሬ የሦስተኛውን ክፍያ ያገኛል፤ 8,000 ብር ይጎድለዋል። የመስመሩ ብዛት አራት ነው፤ ስሙም በቦታው ነው፤ ድምሩም ቅርብ ነው። ለዚህም ነው ሳይታወቅ ወራት ሊያልፍ የሚችለው። መድኃኒቱ ዙሩ እንዳለቀ «አንሴት» በሚባለው ትእዛዝ ጣቱን ማንሣት፣ ወይም ከነአካቴው በጣት አለመያዝ ነው።

የሳንቲም ነገር

ኮምፒዩተር የማይሳሳት ሒሳበኛ ነው የሚባለው ለሙሉ ቁጥር ነው። ነጥብ ያለበትን ቁጥር ግን የሚይዘው በሁለትዮሽ ስሌት በመሆኑ 0.1ን በትክክል ሊጽፈው አይችልም፤ በጣም የተጠጋውን ይወስዳል። ከዜሮ ተነሥቶ 0.1 ብርን 10 ጊዜ እንዲደምር ቢታዘዝ የሚያገኘው 1 ሳይሆን 0.9999999999999999 ነው።

ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም ሊባል ይችላል። አደጋው ማቆሚያው ላይ ነው። ባለሙያው «ድምሩ ልክ 1 ብር እስኪሆን ድረስ 10 ሳንቲም ጨምር» ብሎ ከጻፈ ዙሩ 1ን ሳይነካ ያልፋታል፤ ሳያቆምም ይቀጥላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገንዘብን በብር ሳይሆን በሳንቲም በሙሉ ቁጥር መያዝ። 10 ሳንቲም 10 ጊዜ ሲደመር 100 ሳንቲም ነው፤ ክርክር የለውም። ወደ ብር የሚለወጠው ለዓይን ሲታይ ብቻ ነው።

ጳጉሜን የት ገባች?

ለአገራችን ነጋዴ ከሁሉ የከበደው ስህተት የወር ዙር ሳይሆን አይቀርም። የውጭ መማሪያ መጽሐፍ የሚያስተምረው «ከ1 እስከ 12 ቁጠር» እያለ ነው። ከመጽሐፉ የተማረ ባለሙያ የዓመቱን ሽያጭ በየወሩ ሲደምር 12 ላይ ቢያቆም ጳጉሜን ከሒሳቡ ውጭ ትቀራለች። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ስድስት ትሆናለች። 2015 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር፤ 2019ም እንዲሁ ነው።

አምስት ቀን ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ ቀናት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ናቸው። ዶሮው፣ በጉ፣ ቅቤውና ሽንኩርቱ የሚሸጥበት ወቅት ነው። በቀን 10,000 ብር የሚሸጥ ሱቅ ቢሆን እንኳ 50,000 ብር ከመዝገብ ይጠፋል ማለት ነው። ያ መዝገብ ለግብር የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ነጋዴው ሳያውቀው ሽያጩን አሳንሶ አስታወቀ ይባላል። «ኮምፒዩተሩ ነው» የሚለው መልስ የት እንደሚያደርስ አንባቢ ያውቀዋል።

ሌላም አለ። የበጀት ዓመታችን የሚነሣው ከመስከረም ሳይሆን ከሐምሌ 1 ሲሆን የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ ዙሩ ከ11ኛው ወር ተነሥቶ ነሐሴንና ጳጉሜንን አልፎ፣ ወደ 1 ተመልሶ እስከ 10ኛው ወር መሄድ አለበት። ዓመተ ምሕረቱም መሐል ላይ ይለወጣል። በፒኤችፒ የቆየው የቀን መቁጠሪያ መሣሪያ አራት አቆጣጠሮች ያውቃል፤ የግሪጎርዮስ፣ የዩልዮስ፣ የአይሁድና የፈረንሳይ አብዮት። የእኛ የለበትም። «ኢንትል» በሚባለው ተጨማሪ መሣሪያ ግን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ይገኛል። ባለሙያው በገዛ እጁ ከመፈልሰፍ ይህንኑ ቢጠቀም ይሻላል።

ፊደላችንና ዙር

የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደል ሰንጠረዥ በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ቦታ ይይዛል፤ የላቲን ፊደል ግን አንድ ብቻ። «ደብረ ታቦር» የሚለው ስም በዓይን ስድስት ፊደልና አንድ ክፍተት ነው። የፒኤችፒ ተራ መቁጠሪያ ግን 19 ይለዋል፤ ስድስት ጊዜ ሦስት 18፣ ክፍተቱ አንድ።

ስለሆነም ስምን ፊደል በፊደል የሚያነብ ወይም ረዥም ስም የሚያሳጥር ዙር በተራው መቁጠሪያ ከተጻፈ ፊደሉን ለሦስት ይሰነጥቀዋል። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ «ላይ ጋይንት» መሆን የሚገባው የጥያቄ ምልክትና ጥቁር ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ለዚህ የተሠሩ፣ ስማቸው «ኤምቢ» በሚል የሚጀምር ትእዛዞች ስላሉ ባለሙያው በእነሱ መሥራቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የማያቆም ዙር

ማቆሚያው የማይደረስበት ዙር ማለቂያ የለውም። አንዱ የተለመደ መንገድ እነሆ። በዋይል ዙር ላይ «ድንቹ የተበላሸ ከሆነ ይህን መስመር ዝለል» የሚል ትእዛዝ ይገባል። ወደሚቀጥለው መስመር የሚያሻግረው እርምጃ ደግሞ ከመዝለያው በታች ተጽፏል። የተበላሸ ድንች ያለበት መስመር ሲደርስ ዙሩ ይዘላል፤ እርምጃውንም አብሮ ይዘላል፤ ስለዚህ ተመልሶ ያንኑ መስመር ያገኛል። እዚያው ሲሽከረከር ይኖራል።

ጃቫስክሪፕት ከሆነ የደንበኛው ገጽ ይደነዝዛል። ፒኤችፒ ከሆነ ሰርቨሩ እንደ ደንቡ 30 ሰከንድ ጠብቆ ያቋርጠዋል። ሆኖም በዚህ ሠላሳ ሰከንድ ላይ ብዙ መመካት አይገባም። በሊነክስ ሰርቨር ላይ የውጭ አገልግሎት መልስ ሲጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ ከዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ዙሩ ለገበሬዎች አጭር የስልክ መልእክት የሚልክ ከሆነ፣ ከሠላሳ ሰከንድ እጅግ አልፎ ለአንድ ሰው ያንኑ መልእክት ሲደጋግም ሊቆይ ይችላል። የመልእክቱን ሒሳብ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ገንዘብ በሚያስወጣ ዙር ላይ «ከዚህ ቁጥር በላይ አትሂድ» የሚል ጣሪያ ማኖር ብልህነት ነው።

ለአንድ ኩንታል አንድ አይሱዙ

የመጨረሻው ጉዳይ የፍጥነት ነው። ከደብረ ታቦር ወረታ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፎገራ ሜዳ 33 ኩንታል ሩዝ የሚፈልግ ነጋዴ አይሱዙ ልኮ አንድ ኩንታል አስጭኖ ከመለሰ በኋላ ለሁለተኛው ኩንታል እንደገና አይልክም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስጭናል።

ዙር ጽሑፍ ላይ ግን ይህ ሞኝነት የዘወትር ነው። መረጃው የተቀመጠው መዝገብ ቤት (ዳታቤዝ) ውስጥ ነው። ባለሙያው በዙሩ ውስጥ በእያንዳንዱ ገበሬ ላይ «የእገሌን ሒሳብ አምጣ» የሚል ጥያቄ ካስገባ፣ ለ300 ገበሬ 300 ምልልስ ይሆናል። መደረግ ያለበት ከዙሩ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቆ ሁሉንም ማምጣት፣ ከዚያ በእጅ ባለው ላይ መዞር ነው። መስመር በሚዘገይበት ሰዓት ልዩነቱ ገጹ በመከፈትና ባለመከፈት መካከል ይሆናል።

ከመክፈልዎ በፊት

ነጋዴው ኮድ ማንበብ አይጠበቅበትም። ሚዛን የሚገዛ ሰው ሚዛኑን እንዴት እንደሠሩት አይጠይቅም፤ የታወቀ ክብደት ጭኖ ያየዋል። ፕሮግራምም እንዲሁ ይፈተሻል። የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት የሚከተሉትን ያስደርጉ።

1. አስቀድመው በእጅዎ የደመሩትን የአንድ ቀን ትንሽ መዝገብ ያስገቡና ውጤቱን ያስተያዩ። ድምሩን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሰው ክፍያ ለየብቻ ይመልከቱ። የተለያዩ ቁጥሮች ይጠቀሙ፤ ሁሉም 10 ኩንታል ከሆነ አንዱ በሌላው ቢተካ አይታወቅም።

2. ባዶ መዝገብ ይሞክሩ፤ ምንም ያልተገዛበት ቀን። መልሱ 0 መሆን አለበት እንጂ የትናንቱ ድምር ወይም የስህተት ጽሑፍ መሆን የለበትም። አንድ መስመር ብቻ ያለበትንም ይሞክሩ።

3. በጳጉሜን 3 የተደረገ ሽያጭ ያስገቡና በዓመቱ ሪፖርት ላይ መውጣቱን ይዩ። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ብለውም ያስገቡ፤ ከተቀበለ መልካም፣ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ካለ ይመለስ።

4. ሳንቲም ያለበት ዋጋ ያስገቡ። ረዥም የአማርኛ ስምም ያስገቡ።

5. የተበላሸ ወይም የተሰረዘ መስመር መሐል ላይ ያስገቡና ገጹ መድረቅ አለመድረቁን ይመልከቱ።

6. ብዙ መቶ መስመር አስገብተው ገጹ ምን ያህል እንደሚቆይ ይለኩ።

ይህ ሁሉ ፍተሻ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ባለሙያውም ሊከፋበት አይገባም፤ ጥሩ ባለሙያ ይህንኑ ራሱ ያደርገዋል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋን በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ለገበያ ከተሞች ማሳየት ሲጀምር ነጋዴው ሰሌዳውን ያመነው ቁጥሩን ከሚያውቀው ገበያ ጋር እያስተያየ ነው። የራሱንም ፕሮግራም ማመን ያለበት በዚሁ መንገድ ነው።

ከጉና ግርጌ ድንች ጭኖ የወረደ ገበሬ ክፍያው ሲጎድል ዙሩ ከ0 ይነሣ ከ1 አያውቅም። የሚያውቀው 9 ኩንታል አስረክቦ የ5 ኩንታል ብር እንደተቆጠረለት ነው። በሚቀጥለው ገበያ ድንቹን ለሌላ ይሰጣል። በዙር ስህተት የሚጠፋው ደንበኛም እንደ ስህተቱ አንድ በአንድ ነውና ሳይቃጠል በቅጠል ማለቱ ይበጃል።